እስከ እሑድ ጠዋት ብቻ የሚሸጥ ካናቴራ

ኅዳር በገባ ቁጥር በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ አንድ ሸቀጥ ገበያ ይወጣል፡፡ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፡፡ ቀኑ በቀረበ መጠን ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋውም አብሮ ይሰቀላል፡፡ አንድ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን የሚጠይቀው ሰው የለም፡፡ ከቲማቲም ፈጥኖ የሚበላሽ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል፡፡ ቲማቲም እንኳ ቢላሽቅ ለሱጎ ይሆናል፡፡

ይህ ሸቀጥ የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ካናቴራ ነው፡፡ ካናቴራው ልብስ ብቻ ሳይሆን የመግቢያ ቲኬትም ስለሆነ ያለ እርሱ ወደ መነሻው መግባት አይቻልም፡፡ መልኩና ጽሑፉ በየዓመቱ ስለሚለወጥ ደግሞ የአምናው ለዘንድሮ አያገለግልም፡፡ የሚታተመው ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ፈላጊው ግን ብዙ ነው፡፡ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በዚህ ከተማ ያለ ደላላ አያድርም፡፡

የዚህን ገበያ ጣፋጩንም መራራውንም ከቀመሱት አንዱ በመርካቶ ሸማ ተራ ብትን ጨርቅ የሚነግዱ፣ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ጎልማሳ ናቸው፡፡ ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም፡፡ ምክንያቱን ሲናገሩ «የዕቁቡን ነገር ያወቁት ያውቁታል፤ ያላወቁት ለምን ይወቁት?» ብለው ይስቃሉ፡፡

ነጋዴው ሯጭ ነኝ አይሉም፡፡ ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ወር ታላቁ ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ከተመዘገቡት 10 ሺ ሰዎች አንዱ ነበሩ፡፡ ያኔ ወረት የሌላቸው፣ በኮሚሽን የሚተዳደሩ ወጣት ደላላ ስለነበሩ የገቡበት ምክንያት ስፖርት አልነበረም፡፡ አትላንታና ሲድኒ ላይ በ10 ሺ ሜትር ወርቅ ያመጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በተመሠረተው ውድድር ራሱም ይሮጣል ስለተባለ ከእርሱ ጋር በአንድ አስፋልት ላይ ለመቆም ነበር፡፡ የተጫሙት ሸራ ጫማ ነበር፡፡ ሱሪያቸውም ለሥራ የሚለብሱት ጨርቅ ሱሪ ነበር፡፡ ኃይሌ አንደኛ ወጥቶ ሲገባ እርሳቸው፣ በግምታቸው፣ ከአራተኛው ኪሎ ሜትር እምብዛም አልራቁም ነበር፡፡ ሰኞ ዕለት ደረጃ መውረድ አቅቷቸው ዕቃ ያሻሻጡት ቁጭ ብለው ነው፡፡

ከዚያ ወዲህ ውድድሩ አድጓል፡፡ የተሳታፊው ቁጥር ከ40 ሺ በላይ ደርሷል፡፡ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ፋብሪካውም ለሠራተኛው በጅምላ ያስመዘግባል፡፡ ከውጭ የሚመጣው በዶላር ከፍሎ ይገባል፡፡ ከፊት የሚነሱት አትሌቶች ለሽልማትና ለማናጀር ዓይን ሲሮጡ ከኋላ ያለው ሕዝብ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ውኃ ይራጫል፡፡ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር መሮጥ ለሚፈልግ ሰው ጭፈራው ግድግዳ ነው፡፡ ነጋዴው ይህን ከመርካቶ የረፋድ ግፊያ ጋር ያመሳስሉታል፤ ጎን ለጎን መሽሎክሎክ እንጂ ፊት ለፊት መግፋት አያዋጣም ይላሉ፡፡

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ አሥር ኪሎ ሜትር ቀላል አይደለም፡፡ አየሩ ስስ ነው፡፡ በግርግሩ ተስቦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ትንፋሹን የጨረሰ ሰው ዳገቱ ላይ ተመልሶ አያገኘውም፡፡ ነጋዴው ይህን ለመማር አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፡፡ ስኳር እንዳለባቸው ሐኪም ከነገራቸው በኋላ ግን ነገሩ ከጨዋታነት አለፈ፡፡ በሳምንት ሦስት ቀን ጎሕ ሳይቀድ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ መውጣትና መውረድ ጀመሩ፡፡ እዚያም በስታዲየም ዙሪያ የስፖርት ዕቃ መደብር ካላቸው ሰው ጋር ተዋወቁ፡፡ ትውውቁ ኋላ ላይ ከጉድ አውጥቷቸዋል፡፡

በኅዳር 2012 ዓ.ም. እንዲህ ሆነ፡፡ ነጋዴው በየዓመቱ የሚያዩት ነገር ከንክኗቸው ነበር፡፡ ካናቴራው ምዝገባ ላይ የሚሸጥበት ዋጋ ይታወቃል፡፡ ምዝገባው ሲዘጋ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፡፡ በመጨረሻው ሳምንት እጥፍ አውጥቶ የሚገዛ አይጠፋም፡፡ ዕቃው አይሰበርም፣ አይበላሽም፣ መጋዘን አይፈልግም፡፡ ከመርካቶ ንግድ ሁሉ የቀለለ አየር በአየር ንግድ መስሎ ታያቸው፡፡ አንድ ወጣት ደላላ 60 ካናቴራ ከአንድ ቦታ መገኘቱን ሲነግራቸው ከመመዝገቢያው ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ሰጥተው አነሱት፡፡ ያነሱበት ገንዘብ ግን የዕቁብ ነበር፡፡

ዕቁብ ለማያውቅ ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል፡፡ ዕጣ ያልደረሰው ሰው አንድ ሳምንት ቢያጓድል ወቀሳ ነው፡፡ ነጋዴው ግን ዕጣቸውን ከሁለት ወር በፊት በልተዋል፤ ጨርቅም አስገብተውበታል፡፡ ዕቁቡን የበላ ሰው ሲያጓድል የሚጠየቀው ዋሱ ነው፡፡ ወሬው እስከ ማግስቱ ረፋድ ሸማ ተራን ያዳርሳል፡፡ ከዚያ በኋላ በዱቤ ጨርቅ የሚያወርድላቸው አስመጪ አይገኝም፡፡ መክፈያው ደግሞ ያው እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፡፡

ሐሙስና ዓርብ ገበያው ሞቀ፡፡ 19 ካናቴራ በጥሩ ትርፍ ተሸጠ፡፡ ዓርብ ማታ ደላላው ደውሎ «ጋሼ፣ በዚሁ ዋጋ የቀረውን ልልቀቀው?» ብሎ ጠየቀ፡፡ ነጋዴው ቅዳሜ የበለጠ ይወጣል ብለው ከለከሉት፡፡ ዕቃ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ነው፡፡

ቅዳሜ ከሰዓት ያልታሰበ ጎርፍ መጣ፡፡ በየመሥሪያ ቤቱ ተመዝግበው መሮጡን የተዉ ሠራተኞች ካናቴራቸውን ይዘው ወጡ፡፡ አንዱ ታሞ፣ አንዱ ለቅሶ ኖሮበት፣ አንዱ መጀመሪያውኑ ለመሸጥ አስቦ፡፡ ለእነርሱ በነፃ የመጣ ስለሆነ በማንኛውም ዋጋ ቢሸጡት ትርፍ ነው፡፡ በዚህ ላይ ፎርጅድ ካናቴራ ገብቷል የሚል ወሬ ስለተናፈሰ ገዢው እያገላበጠ ማየትና መጠራጠር ጀመረ፡፡ ሌላም ችግር ነበር፡፡ ነጋዴው ዕቃውን ሲያነሱ ቆጠሩ እንጂ ሳይዙን አላዩም፡፡ ከቀሩት 41 ውስጥ አብዛኞቹ ኤክስ ላርጅ ነበሩ፡፡ ሠላሳ ዓመት በሜትር ጨርቅ ሲለኩ የኖሩ ሰው የሳይዝ ስብጥር ሳያዩ መግዛታቸው እስከ ዛሬ ያሳፍራቸዋል፡፡

እሑድ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካናቴራዎቹን በማዳበሪያ ጆንያ አድርገው ስታዲየም አጠገብ ቆሙ፡፡ አንድ ሰዓት ላይ የመመዝገቢያውን ዋጋ ጠሩ፡፡ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግማሹን፡፡ መሮጥ የሚፈልገው ሁሉ ለብሶ እየጨፈረ ያልፋል፤ ያልለበሰው ደግሞ ለመግዛት የመጣ አይደለም፡፡ እርሳቸው ራሳቸው ተመዝግበው ለብሰዋል፡፡ ስድስት ወር ተዘጋጅተዋል፡፡ ቆመው ቢቆዩ ምናልባት አምስት ወይም ስድስት ይሸጡ ይሆናል፤ ሩጫው ግን ያመልጣቸዋል፡፡ በዚህ መሐል አንድ ሊስትሮ መጥቶ በአንድ የጫማ መጥረጊያ ዋጋ አንዱን ይሸጡለት እንደሆነ ጠየቃቸው፡፡ ነጋዴው ጆንያውን እንዳለ ሰጡት፡፡ ልጁ ጓደኞቹን ጠራ፡፡ በዚያን ዕለት ከመስቀል አደባባይ ከተነሱት መካከል ካናቴራው እስከ ጉልበታቸው የወረደ ልጆችን ያየ ሰው ቢኖር የኪሳራው ምንጭ ይኸው ነው፡፡

አሥሩን ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ጨረሱ፡፡ እስከዚያ ቀን ድረስ ፈጣኑ ሰዓታቸው ነበር፡፡ ስለ ዕቁቡ እያሰቡ መሮጣቸው ሳያግዛቸው አልቀረም፡፡

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በደረቀ ላብ ዕቁብ ቤት ደረሱ፡፡ እዚያ የሆነውን በዝርዝር መናገር አይወዱም፡፡ ዳኛው እስከ ማክሰኞ ጊዜ የሰጧቸው አዲስ ዋስ ሲያቀርቡ ብቻ ነበር፡፡ ዋስ የሆኑትም እነዚያ ከደረጃው ላይ የተዋወቋቸው የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ናቸው፡፡ ከመርካቶ የሃያ ዓመት ወዳጆች መካከል አንድም ሰው አልፈረመም፡፡ ማክሰኞ ዕዳው ተከፈለ፡፡ ለመክፈል ግን አራት ጥቅል ጨርቅ ከመጣበት ዋጋ በታች ተሸጧል፡፡

በዚያው ዓመት ኮሮና መጣ፡፡ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር ሯጩ ሜዳውን ለሽንኩርትና ለቲማቲም ለቀቀ፡፡ ሰዎቹ ልምምዳቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ባሕር ዛፍ ውስጥ ተራርቀው ሮጡ፡፡ ታላቁ ሩጫም ከኅዳር ተገፍቶ በጥር 2013 ዓ.ም. የተሳታፊው ቁጥር በእጅጉ ተቀንሶ ተካሄደ፡፡ ያን ጊዜ ካናቴራ የያዘ አተረፈ የሚል ወሬ ነበር፡፡ ነጋዴው ግን አልነኩትም፡፡

የነኩት ሌላ ነገር ነው፡፡ ከዋሳቸው ጋር በሩጫ ጫማ ንግድ ላይ ትንሽ ገንዘብ አዋጡ፡፡ ይህ ገበያ ከካናቴራው የሰፋ፣ የተንኮሉም ዓይነት የበዛ ነው፡፡ በአንድ በኩል ከውጭ ተወዳድረው የሚመጡ አትሌቶች የሚለቁት ኦርጅናል ጫማ አለ፡፡ በሌላ በኩል በቦንዳ የሚገባው ሰልባጅ አለ፡፡ ከሁሉም የሚበዛው ደግሞ የታወቀ ፋብሪካ ምልክት የተለጠፈበት ፎርጅድ ነው፡፡

ነጋዴው ፎርጅዱን በራሳቸው እግር ያውቁታል፡፡ አንድ ዓመት ለሐዋሳ ግማሽ ማራቶን ስምንት ሆነው ሚኒባስ ተከራይተው ሄደው ነበር፡፡ ሐዋሳ ዝቅ ያለች፣ አየሯም የከበደ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ሳንባ ትመቻለች፡፡ በውድድሩ ሰሞን ግን የአልጋ ዋጋ ስለሚንር አስቀድሞ ቀብድ ያልሰጠ ሰው ማደሪያ ፍለጋ ይንከራተታል፡፡ ሩጫው እስከ አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ሠመረ፡፡ ከዚያ የቀኝ እግራቸው ሶል ከፊት ለቀቀና እንደ ዳክዬ አፍ ይከፈትና ይዘጋ ጀመር፡፡ የቀረውን ስድስት ኪሎ ሜትር የጫማቸውን ማሰሪያ ፈትተው ሶሉን ከላይ ጠፍረው ጨረሱ፡፡ ባለቤታቸው፣ በየዓመቱ ቅድሚያ ለሴቶች የተባለውን የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚሮጡት፣ ይህን በሰሙ ጊዜ «ጨርቅ ስትገዛ በጥርስህ ፈትለህ ታያለህ፤ ጫማ ሲሆን ምልክት ታያለህ?» አሏቸው፡፡

አሁን ጫማ ሲያነሱ ምልክቱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያዩት፡፡ መጀመሪያ ስፖንጁን በአውራ ጣት ይጫናሉ፤ ተጭኖ ካልተመለሰ የሞተ ነው፡፡ ቀጥሎ ተረከዙን ገልብጠው በአንድ ወገን ተበልቶ እንደሆነ ያያሉ፡፡ አንድ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ስለሚባል በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ወር ያህል ነው፡፡ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆየ አዲስ ጫማም አያስተማምንም፤ ማስቲሹ ይደርቃል፣ ስፖንጁም ይጠነክራል፡፡ ስለዚህ ጫማ አከማችቶ ዋጋ መጠበቅ እንደ ብረት ወይም እንደ ቆርቆሮ አይደለም፡፡

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅና 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲገባ ብዙ ሰው ጫማ ያለውን ሀብታም ብሎ ነበር፡፡ ሁለቱ ሸሪኮች ግን በእጃቸው የነበረው ጥቂት ጥንድ ብቻ ነበር፤ በአንድ ወር ተሸጦ አለቀ፡፡ የተሸጠውን ያህል መልሶ ለማምጣት ግን ገንዘቡ አልበቃም፡፡ ኦርጅናል ይገዛ የነበረው ወደ ሰልባጅ፣ ሰልባጅ ይገዛ የነበረው ወደ ጫማ ጠጋኝ ወረደ፡፡ አሁን ከመደብሩ በር ላይ ሶል የሚሰፋ ልጅ ተቀምጧል፡፡ ከአዲሱ ጫማ ይልቅ በየቀኑ ገንዘብ የሚያስገባው እርሱ ነው፡፡

ነጋዴው ለታላቁ ሩጫ ዛሬም በየዓመቱ ይመዘገባሉ፡፡ አንድ ካናቴራ፣ ሳይዙ ሚዲየም፡፡ ያ ወጣት ደላላ፣ አሁን እርሱም ቤተሰብ መሥርቷል፣ በየዓመቱ በዋዜማው ቅዳሜ ማታ ይደውልላቸዋል፡፡ «ጋሼ፣ ጥቂት ላርጅ ወድቆ አለ፣ ልያዝልዎ?» ይላቸዋል፡፡ እርሳቸውም ሳይዙን ያስደግሙትና ስልካቸው እሑድ እስከ አምስት ሰዓት ዝግ መሆኑን ነግረውት ይተኛሉ፡፡