ቁንጥንጡን የሚቆጥር ሰዓት

አክቲግራፍ የእጅ ሰዓት ይመስላል፤ ሥራው ግን ሰዓት መንገር አይደለም። ውስጡ ያለው ትንሽ መመዘኛ እጅ በተወዛወዘ ቁጥር ንቅናቄውን ይይዛል፣ በየደቂቃው ደምሮ ያስቀምጣል። ያሰረው ሰው ለሳምንት ያህል ቀንም ሌሊትም ሳይፈታው ይሰነብታል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ሰውየው መቼ እንደነቃ፣ መቼ እንደባተለ፣ ተኝቶ ስንቴ እንደተገላበጠ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መሣሪያው ኤዲኤችዲ ለሚባለው ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ጥናት ከዋለ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 12 ቅብጥብጥ ወንድ ልጆችና 12 እኩዮቻቸው ለሳምንት ቆጣሪ ታጠቁ። ቅብጥብጦቹ ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቅዳሜና እሑድም፣ ተኝተው እንኳ፣ ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። ልጁን ጥጋብ ነው የሚያቅበጠብጠው ለሚል ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ እንቅልፍ ላይ ማን ይጠግባል?

አዋቂ ዘንድ ነገሩ ይረቃል። በልጅነቱ ዛፍ ለዛፍ ሲንጠላጠል የዋለው በ30 ዓመቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እረፍት ማጣቱ ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የቀኑን ድምር ብቻ ማየት ብዙም አያዋጣም። መታየት ያለበት ቀኑ መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚበርድ፣ ዛሬ ትናንትን ምን ያህል እንደሚመስል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ኤዲኤችዲ ካለባቸው 40 አዋቂዎች 31ዱ እንቅልፍ ቶሎ እንደማይወስዳቸው አሳይቷል። ማታ እንቅልፍን የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን እነዚህ ሰዎች ላይ ከጤነኞቹ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ይነሣ ነበር። ጧት አልነሣ የሚለውን ሰው ሰነፍ ከማለት በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ኤዲኤችዲ ካለባቸው 51 አዋቂዎችና ከሌለባቸው 52 ሰዎች የሰበሰቡትን መረጃ፣ የእንቅስቃሴ መዝገብን ጨምሮ፣ ለሌሎች አጥኚዎች ክፍት አድርገዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲነበብ ግን የቦታው የቀን ብርሃን መታሰብ አለበት፤ በአገራቸው በበርገን ከተማ የክረምቱ አጭር ቀን ስድስት ሰዓት አይሞላም። ምዕራብ ጎጃም ባለችው ፍኖተ ሰላም ግን የዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙ አይዘልም፤ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ በቀጠሮዋ ትወጣለች።

ታዲያ ቆጣሪውን ቡሬ ዙሪያ ያለ ገበሬ ቢያስረውስ? ጎሕ ሲቀድ በሬ መጥመድ አለበት፤ ውስጣዊ ሰዓቱ ቢዘገይም ሥራው አይጠብቀውም። በእኔ ግምት የእንዲህ ያለው ሰው ችግር ጧት አርፍዶ በመነሣት ሳይሆን በእንቅልፍ ማጠር ይገለጣል። ደግሞ የትኛው እጁ ላይ ይታሰር? ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሰውየው የማይሠራበት እጅ ነው። አራሽ ግን በአንዱ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይይዛል፤ የጅራፉ እጅ ቁጥር ከእርፉ እጅ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። የፍኖተ ሰላም የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ተቀምጦ እየዋለ የኮረኮንቹ ንዝረት እንቅስቃሴ ተብሎ ሊመዘገብለት ይችላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የእረፍት ቀን ነው። የፈረንጅ አጥኚ ቅዳሜና እሑድን ለይቶ ያነጻጽራል። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ግን በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ በሬ የማይጠምድ ብዙ ነው፤ ረቡዕ ላይ ቢውሉም ያው ነው። ቆጣሪውን ያሰረው ሰው የተኛበትንና የተነሣበትን ሰዓት በሚጽፍበት ቅጽ ላይ የበዓል ዓምድ ካልተጨመረ፣ በዓል አክብሮ የዋለ ገበሬ ቀኑ የተዘበራረቀበት ሰው መስሎ ይታያል። እናት ቤቱን ይዛ በበዓልም ስለማታርፍ የእሷ መዝገብ ከባሏ መዝገብ ጋር አይመሳሰልም።

ቆጣሪው ብቻውን ኤዲኤችዲ አለ ብሎ አይፈርድም። ሐኪም አዋቂን ሲመረምር ቢያንስ አምስት ምልክቶችን ይፈልጋል፤ ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየታቸውን ያጣራል። ለዚያ ደግሞ ልጅነቱን የሚያስታውስ ሰው፣ ብዙ ጊዜ እናቱ ወይም ታላቅ እኅቱ፣ አብራ ብትመጣ ይመረጣል።