ከክንድ ተወስዶ ምላስ የሚሆን ሥጋ

«ቢላዋ ከነካው ይብስበታል።» ፒያሳ ወርቅ ሠሪ የሆነው አጎቴ ምላሱ ጎን ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎት፣ ምርመራው ካንሰር ነው ሲል ከዘመድ ከጎረቤት የሰማነው ይህንን ነው። አፉን ባዶ አድርገው ይለቁታል የሚልም ነበር። በዚህ ፍርሃት ቀዶ ሕክምናውን የሚያዘገይ ብዙ ሰው ስላለ የገባኝን ልንገራችሁ።

ሐኪሞቹ ዕጢውን በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ያወጡና እዚያው፣ ታማሚው ሳይነቃ፣ ክፍተቱን ከራሱ ገላ በወሰዱት ሥጋ ይሞሉታል። ፍላፕ ይሉታል። ለምላስ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የክንድ ቆዳ ነው፤ ስስና ተጣጣፊ ነው። ቻይናውያን ሐኪሞች በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ቆዳው ከነደም ሥሩ ይነሣና በማይክሮስኮፕ እየታየ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ከአንገት የደም ሥር ጋር ይሰፋል።

አጎቴን ያስጨነቀው ግን እጁ ነበር፤ እንጀራው ነዋ! ሐኪሙ ጡጫውን አስጨብጦ አንጓው ላይ ሁለቱን የደም ሥሮች ጫን አድርጎ ያዘ። እጁ ሲዘረጋ መዳፉ ገርጥቷል። በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ብቻ ሲለቀው መዳፉ ወዲያው ቀላ። «ይሄኛው ብቻውን ለእጅዎ ይበቃል፤ ያኛውን እንወስዳለን» አለው። የወሰዱትም ከግራ ክንዱ ነው፤ ቦታውን ከጭኑ በተነሣ ስስ ቆዳ ሸፈኑለት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ነርሶቹ በየሰዓቱ አፉን ከፍተው የፍላፑን ቀለም ያያሉ። ከጠቆረ ደሙ መመለሻ አጥቷል ማለት ነው፤ በፍጥነት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መመለስ ያስፈልጋል። ምግብ በአፍንጫ ቱቦ ነበር። ዛሬ ይናገራል፤ «ረ» እና «ለ» ግን ያስቸግሩታል። አዲሱ ሥጋ ትኩስ ስለማይለይ ማኪያቶውን አብርዶ ነው የሚጠጣው።

ማይክሮስኮፕ በሌለበትም መላ አለ፦ የደረት ጡንቻ ከነደም ሥሩ ሳይቆረጥ በአንገት ቆዳ ሥር አልፎ አፍ ውስጥ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ችላ ከተባሉ በሽታዎች ተርታ ያስገባው ኖማ የሕፃናትን ጉንጭ ሲበላም ጥገናው በፍላፕ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታልም በቃጠሎና በፊት ጉዳት ሕክምና ስሙ የሚነሣ ነው።

አፋችሁ ውስጥ ከሦስት ሳምንት ያለፈ ቁስል፣ ወይም የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ካለ ታዩ። ቀዶ ሕክምና ከተባላችሁም ሥጋው ከየት እንደሚወሰድ፣ የተወሰደበት ቦታ በኋላ ምን እንደሚሆን፣ ንግግር ማን እንደሚያለማምዳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።