ቀይ የደም ሕዋስ ስንት ውኃ ይችላል?

ፈሳሽ ላነሰው ታማሚ ብዙ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ንጹሕ ውኃ ሳይሆን በሊትር 9 ግራም ጨው የተሟሟበት ውኃ ነው። ጨው አልባ ውኃ ደም ውስጥ ቢገባ፣ በኦስሞሲስ ሕግ መሠረት ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰርጋል፤ ሕዋሳቱም አብጠው ይፈነዳሉ።

የሚችሉትን የእብጠት መጠን የሚወስነው ቅርጻቸው ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ 8 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ መሐሉ ከላይም ከታችም የጎደጎደ ነው። ይዘቱ 90 ኪዩቢክ ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ በዚያው ሽፋን ኳስ ቢሆን ግን 150 ገደማ በያዘ ነበር። ስለዚህ ውኃ ሲገባበት ሽፋኑ ሳይለጠጥ ይሞላል። ኳስ ከሆነ በኋላ ግን ሽፋኑ በጥቂት በመቶ ቢለጠጥ ይቀደዳል።

ይኸው ትርፍ ሽፋን ሕዋሱ ከእርሱ በሚጠብቡ የደም ሥሮች ተጣጥፎ እንዲያልፍ ያስችለዋል። በዘር በሚተላለፈው የስፌሮሳይቶሲስ ሕመም ግን ሕዋሳቱ ሽፋናቸውን እያጡ ወደ ኳስነት ይጠጋሉ፤ የጣፊያን ጠባብ ቀዳዳዎች ማለፍ ተስኗቸው ይወድማሉ፤ ታማሚውም ለደም ማነስ ይዳረጋል።

ሕመሙን ለመለየት ከሚያገለግሉ ምርመራዎች አንዱም በዚሁ ላይ ይመሠረታል፦ የታማሚው ደም ጨዉ እየቀነሰ በሚሄድ ውኃ ውስጥ ይጨመራል፤ ከጤነኛ ሕዋሳት ቀድመው የሚፈነዱት ትርፍ ሽፋናቸውን ያጡት ናቸው።