ሲሮጡ የታሰረ ርብራብ

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ጋ በቀን ሠራተኛነት ገብቼ ነበር። ሥራዬ ለለሳኞቹ ሲሚንቶ በባልዲ ማቀበል ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በባህር ዛፍ የተሠራውን ርብራብ ቀና ብዬ ሳየው፣ «ይሄ ነገር ሰው ይችላል?» አልኩ። አጠገቤ የነበሩ ሸምገል ያሉ አናጢ ፈገግ ብለው፣ «እንጨቱስ ይችላል ልጄ፤ የሚያሳስበው ማሰሪያው ነው» አሉኝ።

እኚህ ሰው በየማለዳው አንድ ልማድ ነበራቸው። ቋሚውን ይዘው ይነቀንቁታል፣ ሥሩን ያያሉ፣ የላላ ሚስማር ካለ በመዶሻ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ነው የሚወጡት። እኛ ልጆቹ እንስቅባቸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሳቁ ቀረ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፣ ፎርማኑ «ቶሎ በሉ!» ይላል። አናጢው ያን ቀን በሕንፃው ሌላኛው ጎን ነበሩ። አንድ ጓደኛችን በመጀመሪያው እርከን ላይ የጣውላውን ጫፍ ሲረግጥ፣ ጣውላው በዚያኛው በኩል ብድግ አለ። የወደቀበት ከፍታ ከሁለት ሰው ቁመት አይበልጥም። ግን ዳሌው ተሰበረ፤ ወደ ሥራውም አልተመለሰም። «ጣውላውን ማን ነው ያሰረው?» ተባለ። ማንም አላሰረውም፤ ነገሩ እሱ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሳልፍ ዓይኔ ከሕንፃው በፊት ርብራቡ ላይ ያርፋል። የሳይት ሰዎች ስካፎልዲንግ የሚሉት ይሄ ነገር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱ ሥራ፣ የራሱም አመል አለው።

የእንጨቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባህር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አገራችን ገባ፤ አዲስ አበባም ይኸው እስከ ዛሬ ከአጠና አልተለያየችም። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል፣ በመጋዝ ተቆርጦ ይስተካከላል። አሠራሩ ሁለት ነው። ባለ አንድ ረድፉ ከውጭ በኩል ብቻ ቋሚ አለው፤ የአግዳሚዎቹ ሌላኛው ጫፍ ግድግዳው ላይ በተተወ ቀዳዳ ይገባል፣ ለግንበኛ ይመቻል። ባለ ሁለት ረድፉ ግን ግድግዳው ሳይበሳ በራሱ እግር ይቆማል፤ ለልስንና ለቀለም የሚሻለው እሱ ነው። ችግሩ፣ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ያኔ ሚስማሩ ይላላል፣ ገመዱም ይለቃል። አፈር ውስጥ ያለው እግሩ ደግሞ በዝናብ ይበሰብሳል። ሐምሌ ላይ የታሰረው ጥቅምት ላይ ያው አይደለም።

የብረቱም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በር የሚመስሉ ፍሬሞች በሰያፍ ብረት እየተያያዙ የሚደራረቡበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወደ 48 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቱቦዎች በክላምፕ እየተቆለፉ እንደ ሕንፃው ቅርጽ የሚሠራ ነው። አይበሰብስም፣ ደጋግሞ ያገለግላል። ግን ብረት መሆኑ ብቻውን አያድንም። «መተላለፊያ ዘጋብን» ብሎ ሰያፉን የሚፈታ ሰው አለ፤ ሰያፍ የሌለው ፍሬም እንደ ባዶ ካርቶን ወደ ጎን ይጣመማል። እግሩ ሥር ጣውላ ወይም የብረት ሳህን ካልተነጠፈ ለስላሳ መሬት ይሰረጉዳል። የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ራሱ ጠላት ነው።

የአዳራሽ ጣሪያ ለመቀባት ወይም መብራት ለመቀየር ባለ ጎማው ማማ አለ። ጎማው ሳይቆለፍ አይወጣበትም፤ ሰው ላዩ ላይ እያለም አይገፋም። ቁመቱ ከእግሩ ጠባብ ጎን 4 እጥፍ ካለፈ ሳይታሰር መቆም የለበትም።

የፎቅ መስታወት ሲጸዳ የምታዩት ደግሞ ከጣሪያ በገመድ የሚወርደው ተንጠልጣይ መድረክ ነው። እዚህ ዋናው ነገር የሠራተኛው ቀበቶ የሚታሰርበት ገመድ መድረኩን ከያዘው ገመድ የተለየ መሆኑ ነው። ሁለቱም በአንድ ገመድ ከተንጠለጠሉ፣ ገመዱ ሲበጠስ አብረው ነው የሚሄዱት። ታች መንገድ ሆኖ እግር መትከል በማይቻልበት ቦታ ደግሞ፣ ከፎቁ ወለል ወደ ውጭ በወጡ አግዳሚዎች ላይ የሚሠራም አለ።

«ይሄ የግንበኞች ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ፣ ለበዓል ከመጡት ምዕመናን መካከል ከ30 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ሠራተኞች አልነበሩም። ርብራብ ሥር ሁላችንም እናልፋለን።

ሕጉ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92፣ አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ የመጠበቅና የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አዋጁ ግን ቋሚውን አይነቀንቅልንም። ስለዚህ ለሳይት ሥራ የምትወጡ ልጆች፣ ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገር እዩ። እግሩ ጠንካራ ነገር ላይ ቆሟል? ሰያፉ አለ፣ ከሕንፃውስ ጋር ታስሯል? ጣውላው በሁለቱም ጫፍ ተይዟል? ወገባችሁ ጋ የሚደርስ መከለያ አለው? አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በተለይ ከዝናብ በኋላ።

ባለፈው ለበዓል እናቴ ቤቷን ልታስቀባ ቀለም ቀቢ ጠራች። ስደርስ ልጁ ሁለት በርሜል ላይ ጣውላ ጋድሞ ሊወጣ ነው። «ወንድሜ፣ ቆይ እስቲ» አልኩት።

«አትስጋ፣ ለምጄዋለሁ» አለኝ።

«ጓደኛዬም ለምዶት ነበር» አልኩና ጣውላውን ነቀነቅኩት። ተንሸራተተ። ልጁ አየኝ፣ እኔም አየሁት። እናቴ «ኧረ ቀኑ መሸ!» እያለች ብታጉረመርምም፣ ከጎረቤት ገመድ አምጥተን በርሜሎቹን አሸዋ ሞላንባቸው፣ ጣውላውን በሁለቱም ጫፍ ጠፍረን አሰርነው። አንድ ሰዓት ፈጀብን።

ሊወጣ ሲል ልጁ ራሱ ቆም ብሎ አንዴ ነቀነቀው።