የመኖሪያ ቤት መስኮትና የቈላ ሙቀት፤ ድሬዳዋን ምሳሌ በማድረግ

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው ብዙ ያስባል፤ መስኮቱን ግን አናጺው ወይም ብረት ሠራተኛው እንደ ልማዱ ገጥሞት እንዲሄድ ይተወዋል። በደጋ አገር ይህ ቸልታ ብዙ አይጐዳም። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቈላ ከተማ ግን፥ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ በሚደርስበት ስፍራ፥ መስኮቱ እንደሚገባ ካልተሠራ ሕፃን እንቅልፍ ያጣል፤ ተማሪም ማታ መጽሐፍ ገልጦ ማጥናት ይሳነዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሙቀት በመስኮት የሚገባበትን መንገድ፥ ቀጥሎም በመጠነኛ ወጪ ሊደረግ የሚችለውን ማሻሻያ በየተራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የመስተዋትን ጠባይ እንመልከት። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ መስተዋት በላዩ ከሚያርፈው የፀሐይ ኀይል ከመቶው 85 ያህሉን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ይህ ኀይል ወለሉንና አልጋውን ያሞቃል፤ የሞቁትም ዕቃዎች በበኩላቸው ለዐይን የማይታይ ረዥም ሞገድ ያለው ጨረር ይሰጣሉ፤ መስተዋቱ ግን ይህን ሞገድ አያሳልፍም። እንግዲህ የገባው ሙቀት በገባበት መንገድ ተመልሶ አይወጣም ማለት ነው። መጠኑን በቍጥር ለማየት፥ ወርዱም ቁመቱም 1.2 ሜትር የሆነ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት እንውሰድ። ከሰዓት በኋላ በያንዳንዱ ካሬ ሜትር 600 ዋት ቢያርፍበት፥ ወደ ክፍሉ የሚገባው 730 ዋት ያህል ይሆናል። ይህም በክፍሉ ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ አብርቶ እንደ መቀመጥ ነው።

ብዙ ሰው የዚህ መድኀኒቱ ወፍራም መጋረጃ ነው ብሎ ያምናል። መጋረጃ ነጸብራቅን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ፀሐይዋ የምታገኘው መስተዋቱን ካለፈች በኋላ ስለ ሆነ፥ መጋረጃው ራሱ ሞቆ ክፍሉን ያሞቃል። ከዚህ የተነሣ ዋናው ደንብ ፀሐይን መስተዋቱን ሳትነካ በውጭ መከልከል ነው። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሲደርስ በተቈረቈረችው በዚህች ከተማ፥ በከዚራ ሰፈር ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዳንዶቹ በረንዳና የእንጨት መዝጊያ ያላቸው ስለዚህ ነው።

ጥላው ምን ያህል ይርዘም? ይህ መስኮቱ በሚያይበት አቅጣጫ ይለያያል። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.6 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፥ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በስተ ደቡብ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በሰኔ ግን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በዚህ ስሌት 1.2 ሜትር ቁመት ላለው የደቡብ መስኮት 80 ሳንቲሜትር፥ ለሰሜን መስኮት ደግሞ 30 ሳንቲሜትር ያህል ጥላ የእኩለ ቀኑን ፀሐይ ይከለክላል። ለምዕራብ መስኮት ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል 2 ሜትር ያህል ጥላ ያስፈልጋል፤ ይህም አይመችም። ስለዚህ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የሚሻለው፥ ጣውላዎቹ አዘቅዝቀው የተደረደሩበት የእንጨት መዝጊያ፥ የሰሌን ጥላ ወይም ዛፍ ነው።

ሁለተኛው ነገር ነፋስ ነው። ከውጭ ያለው አየር ከቤቱ ይልቅ በሚሞቅበት ሰዓት መስኮቱን መዝጋት፥ ማታ ሲበርድ ደግሞ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት መስኮቶች መክፈት ይገባል። አየር መውጫ ከሌለው አይገባምና አንድ መስኮት ብቻ መክፈት እምብዛም አይጠቅምም። ነገር ግን መስኮት ከፍቶ ማደር ሌባንና ትንኝን ያስፈራል። ፍርሀቱም ከንቱ አይደለም፤ በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ የዴንጊ ትኩሳት፥ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የከተማ ትንኝ ያስተላለፈችው የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ የሽቦ ወንፊትና የብረት ፍርግርግ ለጌጥ የሚጨመሩ ሳይሆኑ የመስኮቱ ዋና ክፍሎች ናቸው። ወንፊት ነፋሱን ጥቂት ስለሚያዳክም መስኮቱን ሰፋ ማድረግ ይበጃል።

ስለ ድርብ መስተዋትም ሳንናገር አናልፍም። ድርብ መስተዋት በውስጥና በውጭ አየር መካከል ትልቅ የሙቀት ልዩነት ሲኖር እጅግ ይጠቅማል፤ ማቀዝቀዣ በሌለው ቤት ግን ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ስለ ሆነ፥ ፀሐይን የሚመልስ ልባጥ ከሌለው ለወጪው የሚመጥን ፋይዳ አይሰጥም። ልባጥ ያለው መስተዋት ብርሃኑን አሳልፎ የማይታየውን የፀሐይ ሙቀት ስለሚመልስ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ዋጋው ለብዙው ሰው ከባድ ነው።

በጠቅላላው፥ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው በመጀመሪያ ለምዕራቡ መስኮት የውጭ ጥላ፥ ቀጥሎ ወንፊትና ፍርግርግ፥ በመጨረሻም መስተዋት ቢያስብ ይሻላል እንላለን። ጣራው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ኮርኒሱ ይሠራ፤ ፀሐይ በአናት ላይ በምትሆንበት አገር መስኮት ብቻውን ቤትን አያድንምና። ተከራይ ግድግዳ አፍርሶ መስኮት ሊያሰፋ አይችልም፤ ሰሌን ግን ሊሰቅል ይችላል። በምሕንድስና የምንማር ሁላችን ይህን ትንሽ ነገር ቤት ከመሠራቱ በፊት ብናስታውስ፥ በኋላ የሚመጣውን ብዙ ወጪ እናስቀራለን።