ከድምፁ ጀርባ ያሉት

ጠጋ በሉና አንድ የስቱዲዮ ወሬ ላውጋችሁ። የምትወዱት ዘፋኝ ቃሏን ጎተት አድርጎ መጨረሻዋ ላይ ሰበር የሚያደርጋት ቦታ አለች አይደል? ሰምታችሁ አንጀታችሁ የሚላወስባት? ብዙ ጊዜ የሱ አይደለችም። መጀመሪያ የዘፈናት ዜማ ደራሲው ነው። ዜማውን በራሱ ድምፅ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ እኛ የስቱዲዮ ሰዎች ጋይድ እንለዋለን። ድምፃዊው እሱን ደጋግሞ እየሰማ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ሳይቀር ያጠናል። የራሱን ድምፅ ቀርፆ ሲጨርስ ጋይዱ ይጠፋል። አልበሙ ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ የሚከበበው፣ ፎቶ አብረን እንነሳ የሚባለው ድምፃዊው ነው። ዜማ ደራሲው በዚያው መንገድ ቢያልፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ድምፃዊው ዝናው አይገባውም ማለቴ አይደለም፤ መድረኩን የሚሸከመው እሱ ነው። የሚያንገበግበኝ የሌሎቹ መረሳት ነው።

ዜማ ደራሲውንና አቀናባሪውን ግርማ በየነን እንውሰድ። በራሱ ድምፅ ያስቀረፃቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለሌሎች ያቀናበረው ግን ብዙ ነው። ዋልያስ ባንድ የተጫወተው፣ ዛሬ የውጭ ባንዶች ሳይቀሩ የሚጫወቱት «ሙዚቃዊ ስልት» የሱ ድርሰት ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ለረጅም ዓመታትም ከመድረክ ራቀ። ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም ያወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን በአፉ የሚያንጎራጉር ስንት ሰው የግርማን ስም ያውቃል?

የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የድሮ ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ ነው ዓለም ያወቀው።

የደራሲን መብት የሚጠብቅ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥሙም ለዜማውም ደራሲ መብት ሰጥቷል። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ ሥራው አንዴ ይከፈልበትና ያበቃል፤ ዘፈኑ ዓመት ከዓመት ገንዘብ ሲያስገባ የደራሲው ኪስ አይሰማም። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ይህ ሲያንገበግበው ኖሮ ነው ከባልደረቦቹ ጋር አውታር የሚባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ የጀመረው። ብዙም ሳይቆይ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ አረፈ።

በካሴት ዘመን ቢያንስ ሽፋኑ ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ዩቲዩብ ላይ አንዳንዴ ያቺም መስመር ትቀራለች። ስለዚህ አንድ ነገር አስቸግራችኋለሁ፤ የወደዳችሁትን ዘፈን ለሰው ከመላካችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ክፈቱት። የደራሲዎቹ ስም ከሌለ «ዜማው የማን ነው?» ብላችሁ እዚያው ጻፉ። የቻናሉ ባለቤቶች ያነቡታል፤ እኛም እናነበዋለን።