በእንጉዳይ ቀለም እንጉዳይን መሣል

ለእጅ ሥራ ካርዶች በብዕር ከሚሣሉት እንጉዳዮች መካከል በሳይንሳዊ ስሙ ኮፕሪነስ ኮማተስ የሚባለው ልዩ ቦታ አለው፤ የሚሣለውን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የሚሣልበትንም ጥቁር ቀለም የሚሰጠው ራሱ ነውና። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በተለይ በመኸር ወራት በሣር ሜዳና በመንገድ ዳር የሚበቅለው ይህ የቀለም እንጉዳይ፣ ለጋ ሳለ ነጭ፣ ሞላላና ቅርፊታም ቆብ ይኖረዋል። ሲበስል ግን ቆቡ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ በመጀመሪያ ወደ ሮዝ፣ ቀጥሎም ወደ ጥቁር እየተለወጠ ቀልጦ ይንጠባጠባል።

መቅለጡ መበስበስ ሳይሆን የመራቢያ ስልት ነው። እንጉዳዮች የሚራቡት ስፖር በሚባሉ ደቃቅ የዘር ህዋሳት ሲሆን፣ ስፖሮቹ የሚፈጠሩት ከቆቡ ሥር በተደረደሩት ስስ ሽንሽኖች ላይ ነው። በአብዛኞቹ ባለ ሽንሽን እንጉዳዮች ሽንሽኖቹ ወደ ታች እየሳሱ ስለሚሄዱ ስፖሮቹ በመካከላቸው ባለው ክፍተት በቀላሉ ይወርዳሉ። በቀለም እንጉዳይ ግን ሽንሽኖቹ እጅግ ተጠጋግተው ትይዩ የቆሙ በመሆናቸው ከላይ የሚለቀቅ ስፖር መውጫ አያገኝም። ስለዚህ ስፖሮቹ ከታች ወደ ላይ በተራ ይበስላሉ፤ ስፖሩን የለቀቀው ክፍልም፣ የፈንገስን የህዋስ ግድግዳ የሚያጠነክረውን ካይቲን በሚሰባብሩ የራሱ ኢንዛይሞች ፈርሶ ለቀጣዩ መንገድ ይከፍታል። ይህን ሂደት በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው እንግሊዛዊው የፈንገስ ተመራማሪ አርተር ሄንሪ ሬጂናልድ ቡለር፣ የመጀመሪያው ቅጽ በ1909 እ.ኤ.አ. በታተመው ተከታታይ ሥራው በዝርዝር አጥንቶታል።

ወደ ነፋስ ያልወጡት ስፖሮች በፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ፤ የቀለሙ ጥቁረትም በዋናነት ከእነርሱ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱ ስፖር ርዝመቱ ከ10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ፣ ጥቂት ቢበልጥ ነው። እዚህ ላይ የቀለም እንጉዳይ ቀለም የኢትዮጵያ የብራና ጸሐፍት ከጥቀርሻ ከሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለም ጋር ይዛመዳል፤ ሁለቱም በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ጠጣር ቅንጣቶች እንጂ የሟሟ ማቅለሚያ አይደሉምና።

ቀለሙን ለማዘጋጀት የበሰሉት ቆቦች በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እስኪቀልጡ አንድ ሁለት ቀን ይቀመጡና ፈሳሹ ተጠልሎ በመጠነኛ ሙቀት ይፈላል። ሽታው ደስ የሚል አይደለም። ሻጋታን ለመከላከል ጥቂት ቅርንፉድ፣ ቅንጣቶቹን ከወረቀቱ ጋር ለማጣበቅ ደግሞ የግራር ሙጫ ይጨመርበታል። ስፖሮቹ ስለሚዘቅጡ ቀለሙን ደጋግሞ ማማሰል ያስፈልጋል፤ በዚሁ ምክንያት ቀለም በውስጡ ከሚሞላ ብዕር ይልቅ እየተነከረ የሚጻፍበት ባለ ብረት ጫፍ ብዕር ይመረጣል። ካርዱም ወፍራም፣ ለስላሳና ቀለም በቃጫዎቹ መካከል እንዳይሰራጭ በማጣበቂያ የታከመ ወረቀት ቢሆን መስመሩ ጥርት ብሎ ይወጣል።

የሥዕሉ አስቸጋሪ ክፍል በአንድ ጥቁር ቀለም ብቻ ነጩን፣ ሮዙንና ጥቁሩን መለየት ነው። መፍትሔው ነጠብጣብ ነው። ጤናማ ዓይን በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በግምት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተትን መለየት ስለማይችል፣ እጅግ የተቀራረቡ ነጥቦችን አዋህዶ እንደ ግራጫ ያያቸዋል፤ ከዚያ ሰፋ ያሉትም ካርዱ ራቅ ተደርጎ ሲያዝ ይዋሃዳሉ። ስለዚህ የቆቡ አናት ወረቀቱ እንዳለ ይተዋል፣ መካከሉ በተራራቁ ነጥቦች ይሸፈናል፣ ጠርዙ ደግሞ እስኪጠቁር ይሞላል። ብዙ ጀማሪዎች ቅርፊቶቹን ሁሉ በመስመር ከብበው ነጩን ቆብ ያጠቁሩታል፤ የእያንዳንዱን ቅርፊት የታችኛውን ጥላ ብቻ ማመልከት የተሻለ ነው።

ኮፕሪኖፕሲስ አትራሜንታሪያ የተባለው ሌላው የቀለም እንጉዳይም ተመሳሳይ ቀለም ይሰጣል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ኮፕሪን የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነት አልኮልን የሚያስወግድበትን ሂደት ስለሚያውክ፣ እንጉዳዩን በልቶ መጠጥ የጠጣ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ልቡም በኃይል ይመታል። ስለዚህ ቀለም የተፈላበትን ዕቃ ለምግብ ማብሰያነት መልሶ መጠቀም አይገባም።